ቤት ሲፈርስ ካሳው ግድግዳውን ይቆጥራል፤ ሰፈሩንስ ማን ይቁጠር?

አዲስ አበባ ውስጥ ገርጂ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እና ከከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አንድ ዓይነት ቤት ናቸው ማለት ይቻላል። ያሠራቸው ያው መንግሥት ነው። ብሎኬቱ፣ ደረጃው፣ ጠባቡ ወጥ ቤት፣ ሁሉም ይመሳሰላል። ዕጣ ሲወጣ የተተመነላቸው ዋጋም በአብዛኛው የግንባታውን ወጪ የተከተለ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ስትጠይቁ ግን የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ልዩነቱ ከሲሚንቶ አልመጣም። የመጣው ከቦታው ነው። ሥራ ቦታ ለመድረስ ስንት ታክሲ ይያዛል፣ ልጅ የት ይማራል፣ ሌሊት ሰው ቢታመም ሆስፒታል ምን ያህል ይርቃል፣ ዘመድ ጎረቤት ማን አለ፤ ገዢው ለዚህ ሁሉ ነው የሚከፍለው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሰው ግን በየቀኑ ቦታን ይገዛል ይሸጣል፤ የሚገዛው የቤቱ ዋጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው።

ይህን የተጠቀለለ ነገር ፈትቶ በቁጥር የሚያወጣ የምጣኔ ሀብት ዘዴ አለ፤ ሄዶኒክ ይባላል። ሀሳቡ ከባድ አይደለም። ቤት የብዙ ባሕርያት ድምር ነው፤ ስፋቱ፣ ፎቁ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ መንገዱ። ገበያው ለእያንዳንዱ ባሕርይ ዋጋ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ለብቻው ተለጥፎ አይታይም። ብዙ ሽያጮች ጎን ለጎን ከተቀመጡ የእያንዳንዱን ድርሻ በስሌት መለየት ይቻላል። ጥሩ የሰፈር ደላላ ይህንን ያለ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ስትደውሉለት የሚጠይቃችሁን አስቡ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃ ይወጣል? ካርታው በእጅ ነው? አስፋልት ዳር ነው ወይስ ገባ ይላል? ፊኒሺንጉ አልቋል? እያንዳንዱ መልስ ጭንቅላቱ ውስጥ ዋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ይቀንሳል። ምድር ላይ ያለና ለሱቅ የሚሆን ይጨምራል። ኢኮኖሚስቱ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ እውነተኛ ሽያጮችን ይዞ መሥራቱና እንዴት እንደደረሰበት ማሳየት መቻሉ ነው።

ዘዴው የተጀመረው በቤት አይደለም። ፍሬድሪክ ዋው የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1928 የቦስተንን የአትክልት ገበያ አጠና። አስፓራገስ በሚባል አትክልት ላይ አረንጓዴው ክፍል በአንድ ኢንች በረዘመ ቁጥር የአሥራ ሁለት እስር ዋጋ በ38 ሳንቲም ያህል እንደሚጨምር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1939 አንድሩ ኮርት መኪና ላይ ሠራበት፣ በኋላ ዝቪ ግሪሊከስ አስፋፋው፤ ሸርዊን ሮዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ዛሬም የሚሠራበትን ንድፈ ሐሳብ ጻፈለት። የአሜሪካ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር እየረከሰ ነው ወይስ እየተሻሻለ የሚለውን ለመለየት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይጠቀሙበታል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ የማትገዙትን ነገር ዋጋ ያሳያል። ንጹሕ አየር በኪሎ አይሸጥም። ጸጥታም እንደዚያው። ሰው ግን አየሩ ንጹሕ የሆነ ሰፈር ላለ ቤት ጨምሮ ከከፈለ፣ ያ ጭማሪ ለንጹሕ አየር የሰጠው ዋጋ ነው። ኬኔት ቼይ እና ማይክል ግሪንስቶን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአየር ብክለት በቀነሰባቸው አካባቢዎች የቤቶች ጠቅላላ ዋጋ በ45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደጨመረ ገመቱ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ ነው "ሕጉ ፋብሪካዎችን ወጪ አስወጣ" ለሚለው ክርክር "ለሰውስ ምን ሰጠው?" ብሎ በቁጥር መመለስ የሚቻለው።

ይህ ጥናት ሌላም ነገር ያስተምራል። የተበከለ ሰፈርንና ንጹሕ ሰፈርን ዝም ብላችሁ ብታወዳድሩ ብክለት ዋጋ የማይቀንስ፣ አንዳንዴም የሚጨምር ይመስላል። ጭስ ያለበት ቦታ ፋብሪካ አለ፣ ፋብሪካ ባለበት ሥራ አለ፣ ሥራ ባለበት ቤት ይወደዳል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ሰፈርን ከሰፈር ከማወዳደር ይልቅ ሕጉ የትኛውን አካባቢ እንዳስገደደና የትኛውን እንደተወ ተከትለው ነው የሠሩት። ሳንድራ ብላክም እ.ኤ.አ. በ1999 ቦስተን ዙሪያ የትምህርት ቤት ጥራትን ስታጠና ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ነበር። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ሌላውም ነገሩ ጥሩ ነው። እሷ የትምህርት ቤቶች መመደቢያ ወሰን ላይ ያሉ፣ ወሰኑ ብቻ የለያቸው ቤቶችን አወዳደረች። የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ሲሻል ወላጆች ለቤት 2.5 በመቶ ያህል ጨምረው እንደሚከፍሉ አገኘች፤ ይህም በተለመደው መንገድ ከሚገኘው ግምት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ዘዴው በግዴለሽነት ከተሠራበት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ኮንዶሚኒየም ለዚህ ዘዴ የተመቸ ቦታ ነው። ሌላ አገር ያለ አጥኚ ቤትና ሰፈርን ለመነጣጠል መከራውን ያያል፤ ሀብታም ሰፈር ያለ ቤት ትልቅም ቆንጆም ነውና። እኛ ዘንድ መንግሥት አንድ ዓይነት ቤት ገርጂም፣ ጎፋም፣ የካ አባዶም፣ ቱሉ ዲምቱም ሠርቷል። ያደለው ደግሞ በዕጣ ነው። ስለዚህ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የቦታው ልዩነት ነው፤ ካርታ የወጣለትንና ያልወጣለትን፣ ፎቁን፣ የተጨመረውን ፊኒሺንግ ከለያችሁ በኋላ የሚቀረው ሰፈሩ ነው።

የሚያስቸግረው መረጃው ነው። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና እጅ በእጅ የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ታክስ ለመቀነስ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ከደረሰ በኋላ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ስለሚከለከል ብዙው ሽያጭ በውክልና ውስጥ ውስጡን ያልፋል። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅም ውል በትንሹ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው በመንግሥት እንዲወሰን ስላደረገ፣ ወረቀት ላይ ያለው ኪራይም ገበያውን ሁልጊዜ አያሳይም። እውነተኛው ዋጋ ያለው ደላላው ስልክ ውስጥ፣ ቴሌግራም ቻናሉ ላይና የባንክ ገማቾች ፋይል ውስጥ ነው። ተበታትኗል እንጂ የለም አይባልም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ ካሳ ለመናገር ብዬ ነው።

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ፈርሷል፣ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ካሳንቺስ ፈርሷል። ከአዲስ አበባ ውጪም ብዙ ከተሞች ውስጥ እየፈረሰ ነው። የግል ቤት ያለው ሰው ሲነሣ ካሳ ይከፈለዋል፣ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። የካሳው መሠረት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው 455/1997ም በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አይለይም። መርሁ መተኪያ ዋጋ ነው። ያንን ቤት ዛሬ መልሶ ለመሥራት ምን ያህል ያስፈልጋል? ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የእጅ ዋጋ። ቦታው የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ገርጂና ኮዬ ፈጬን እንደገና አስቡ። በመተኪያ ዋጋ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው፤ አንድ ዓይነት ብሎኬት፣ አንድ ዓይነት በር። ገበያው እኩል አይደሉም እያለ በየቀኑ ይመሰክራል። ስለዚህ የመተኪያ ስሌቱ መሀል ከተማ ያለ ሰው ያጣውን ትልቁን ነገር ሳያይ ያልፋል። በተለይ ያረጀ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ላይ ይከፋል። የቤቱ ዋጋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታው ላይ ነበር፤ ግድግዳው ሲተመን የሚያገኘው ብር ጥቂት ነው።

ገበሬው ላይ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ነው። የቀድሞው አዋጅ ለእርሻ መሬት የዓመታዊ ገቢን አማካይ 10 እጥፍ ይከፍል ነበር፤ አዲሱ በሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ 15 እጥፍ አድርጎታል። መሻሻል ነው፤ ይህንን መካድ አይገባም። ግን ሒሳቡ አሁንም ጤፉን ነው የሚቆጥረው። ያ ማሳ ከአዲስ አበባ ጫፍ አጠገብ መሆኑ የትም አይገባም። ኮዬ ፈጬ ላይ ያለው ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ትናንት የተከፈለበት በሰብል ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው በከተማ ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ በቁም ነገር ልንወስደው ይገባል። የቦታውን ዋጋ ባለቤቱ አልፈጠረውም። መንገዱን፣ መብራቱን፣ ገበያውን የፈጠረው ሕዝቡ ነው፤ ታዲያ ካሳንቺስ የተወለደ ሰው ለምን ይጠቀልለው? ብዙ የከተማ ኢኮኖሚስቶችም የቦታ ዋጋ በታክስ ወደ ሕዝብ መመለስ አለበት ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ችግሩ መርሁ በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከተማው ቦታ በሊዝ ሲያጫርት መሀል ያለውንና ዳር ያለውን በአንድ ዋጋ አያወጣም፤ የቦታ ደረጃ አለው፣ መነሻ ዋጋ አለው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ከሕንፃው በተጨማሪ የመሬት ይዞታ መብትን ታክስ ውስጥ ያስገባል። መንግሥት ሲቀበል ቦታ ዋጋ አለው፣ ሲከፍል ዋጋ የለውም። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ሌላ ቃል ልፈልግለት አልችልም።

ደግሞም የቦታው ዋጋ የማንም ይሁን የማን፣ ቦታውን የማጣት ወጪ የሚያርፈው ተነሺው ላይ ነው። ለሁለት ተጨማሪ ታክሲ የሚከፍለው እሱ ነው። ደንበኞቿን ያጣችው የጉሊት ነጋዴ ምትክ ቤት ስላገኘች ደንበኞቿ ተከትለዋት አይመጡም። ሙሉ የገበያ ዋጋ ይከፈል ባይባል እንኳ የጠፋው ነገር መጠን መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ፕሮጀክቱ አዋጣ አላዋጣ ማለት አይቻልም። ወጪው ሳይቆጠር የተሠራ የትርፍ ስሌት ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል።

እስካሁን ሄዶኒክን አመስግኜዋለሁ። አሁን ደግሞ የማይችለውን ልናገር፤ ዘዴውን የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህንን ይዘሉታልና።

የመጀመሪያው፣ ዋጋ እና ደኅንነት፣ ማለትም የሰው ኑሮ መልካምነት፣ አንድ አይደሉም። የገበያ ዋጋ የሚነግራችሁ ሊገዛ የመጣው ሰው ምን ያህል እንደሚከፍል ነው። ያልሸጠው ሰው ያልሸጠው ከዚያ ዋጋ በላይ ስለሚወደው ነው። አንዲት እናት ካሳንቺስ ያለው ቤታቸው በ5 ሚሊዮን ብር ይሸጥልዎ ሲባሉ እምቢ ካሉ፣ ለእሳቸው ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል ማለት ነው። ዕድሩ እዚያ ነው፣ ዕቁቡ እዚያ ነው፣ ቢወድቁ የሚያነሣቸው ጎረቤት እዚያ ነው። ስለዚህ በግዳጅ ለሚነሣ ሰው የገበያ ዋጋ ራሱ ዝቅተኛው ወለል ነው። እኛ ገና ወለሉ ላይም አልደረስንም።

ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። ሰው የሚከፍለው ባለው ልክ ነው። ድሃ ለንጹሕ አየር ትንሽ ከፈለ ማለት ሳንባው ንጹሕ አየር አይፈልግም ማለት አይደለም። አሁን ደግሞ መሀል አዲስ አበባ ያለውን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሠርቶ ብር የላከ ወገናችን፣ ከ2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ገንዘቡን ከዋጋ ንረት ሊያሸሽ ቤት የገዛ ነጋዴ፣ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አዋጁ የፈቀደለት የውጭ ዜጋ። የዋጋው ቁጥር የእነሱን ፍላጎትና የእነሱን ኪስ ይናገራል። እዚያ የኖረውን ሰው ጥቅም ከዚያ ቁጥር ላይ ብቻ ማንበብ ያሳስታል።

ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው የተከራይ ነገር ነው። ኮሪደሩ ተሠራ እንበል። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ ዳር ያሉት ቤቶች ዋጋ ጨመረ። ሄዶኒክ ስሌቱ ይህንን የደኅንነት ጭማሪ ብሎ ይመዘግባል። ለባለቤቱ እውነት ነው። ተከራዩ ግን መንገዱ ባማረ ማግስት ኪራይ ይጨመርበታል፤ አልቻለም፣ ወደ ዳር ይወጣል። ለእሱ ጭማሪው ኪሳራ ነው፤ ድምሩ ውስጥ ግን ትርፍ ሆኖ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀበሌ ቤቱንም ከጨመርን እጅግ ብዙ ሰው ተከራይ ስለሆነ ይህ በግርጌ የሚታለፍ ነገር አይደለም። "የአካባቢው የቤት ዋጋ ይህን ያህል ጨመረ" የሚል ሪፖርት ስታነቡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ለማን የሚል ይሁን።

ወደ ዳር መውጣት ምን እንደሚያስከትል ማስረጃ ከሕንድ አለ። አሕመዳባድ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች በዕጣ የተሻለ ቤት ደረሳቸው፤ ቤቶቹ ግን ከተማው ዳር ነበሩ። ከ14 ዓመት በኋላ አጥኚዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አወዳደሩ። ቤታቸው ተሻሽሏል። ገቢያቸው አልተለወጠም፣ የልጆቻቸው ኑሮም አልተለወጠም። ከዘመድና ከወገን ተነጥለዋል፣ ሲቸገሩ የሚደርስላቸው ሰው ቀንሷል። ዕጣው ከደረሳቸው 34 በመቶዎቹ ጭራሽ አልገቡም፤ 32 በመቶዎቹ ገብተው ወጥተዋል። የቦሌ አራብሳን ወይም የኮዬ ፈጬን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለንብረት ታክስ የሚዘጋጀው የቦታ ግምት ሠንጠረዥ ለካሳም ይሥራ። አንድ ከተማ፣ አንድ ሠንጠረዥ። ባለቤቱ ታክስ ሲከፍል ቦታው ይህን ያህል ያወጣል ከተባለ፣ ሲነሣም ያው ቁጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍለት፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለእሱ ስንቱ ለሕዝብ የሚለው በግልጽ በሕግ ይወሰን። እውነተኛውን የሽያጭ ዋጋ መጻፍም የሚያስቀጣ መሆኑ ይቅር፤ ዋጋ የሚደበቀው ታክሱ ስለሚከብድ ነውና ምጣኔው ቀንሶ እውነቱ ቢመዘገብ ከተማው የሚያገኘው መረጃ ብቻውን ትልቅ ሀብት ነው።

አዋጅ 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ እንዲከፈል ይላል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ግን መጠኑ በምን ይለካ? እዚህ ላይ ሄዶኒክ የራሱን ጉድለት ለመሙላት ያግዛል ብዬ አምናለሁ። ዕጣ ደርሷቸው ዳር ያለውን ሰፊ ኮንዶሚኒየም አከራይተው፣ ድሮ ሰፈራቸው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የተሻለውን ቤት ለሌላ ሰጥተው ያነሰውን የያዙት ለምንድን ነው? ለሰፈሩ ነው። ያች ጠባብ ክፍል ኮንዶሚኒየሙ ካለበት ዳር ብትሆን ኖሮ ምን ያህል ትከራይ ነበር? አሁን ከሚከፍሉት ላይ ያንን ቀንሱ። ቀሪው ከሰፈራቸው፣ ከሥራቸውና ከሰዎቻቸው ላለመራቅ በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ከኪሳቸው። ከዚያ ውስጥ የታክሲና የሥራው ድርሻ በጥያቄ ተለይቶ ሲወጣ የትስስሩ ዋጋ ቢያንስ ምን ያህል እንደሆነ ፍንጭ ይገኛል። የባለዕጣዎቹ ዝርዝር ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ አለ፣ ስልካቸውም አለ። የሚቀጥለው ሰፈር ከመፍረሱ በፊት የተወሰኑትን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።